«ባዶ ቦታውን ሙሉ» ለሚያስጨንቃችሁ

እንግሊዝኛ ፈተና ላይ ባዶ ቦታ የበዛበት ምንባብ ሲመጣ አብዛኞቻችን የምናደርገው አንድ ነው። ምንባቡን አናነበውም። ቀጥታ ወደ ምርጫዎቹ እንሄዳለን። ከአራቱ ውስጥ ዓይናችን የለመደውን እናጠቁርና ወደሚቀጥለው እናልፋለን። ጨርሰን «ለመሆኑ ምንባቡ ስለ ምን ነበር?» ብንባል መልስ የለንም።

ይህን የምጽፈው ለእንደዚህ ዓይነቱ ተማሪ ነው። በተለይ ደግሞ ኪራይ ቤት ውስጥ ስንቁን አጠገቡ አድርጎ፣ የሞዴል ፈተና ወረቀት ከምሮ ብቻውን ለሚታገለው። በግል የሚፈተን ሰው አስተማሪም የለውም፣ አይዞህ ባይም የለውም። በዚያ መንገድ ስላለፍኩበት አውቀዋለሁ።

ያደግኩት ምዕራብ ጎጃም፣ ፍኖተ ሰላም አካባቢ ነው። ቤተሰቦቼ ገጠር ናቸው፤ በርበሬና በቆሎ ያመርታሉ። እንደ ብዙው የገጠር ልጅ 9ኛ ክፍል ስገባ ከተማ ቤት ተከራየሁ። አርብ ወደ ቤት፣ እሁድ ደግሞ እንጀራና በሶ ተሸክሞ መመለስ። 12ኛ ክፍልን የተፈተንኩት ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው መፈተን በጀመሩበት ጊዜ፣ ጥቅምት 2015 ላይ ነው። ውጤቱ ሲመጣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኘው ከተፈታኙ 3.3 በመቶው ብቻ ሆነ። የወደቀው ከመብዛቱ የተነሳ ማን ማንን ያጽናና? ለእኔ ከሁሉም የባሰው እንግሊዝኛ ነበር። ሒሳብ አልገባህ ሲል ቢያንስ እንዳልገባህ ታውቀዋለህ። እንግሊዝኛው ግን ስሠራው ቀሎኝ፣ ሲታረም ጉድ ሆነ። ወሽመጤ ተቆረጠ።

ከዚያ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጠርኩ። ቀን መሥራት፣ ማታ ማጥናት። ሥራው ለተማሪ ምቹ ነበር። ከተማው ውስጥ የሚባዛ ሞዴል ፈተና ሁሉ በእጄ ያልፋል። ከደብረ ማርቆስ የመጣ፣ ከባሕር ዳር የመጣ፣ ከቡሬ የመጣ። ባለቤቱን ጋሼን እያስፈቀድኩ ከሁሉም አንድ አንድ ቅጂ ለራሴ አስቀር ነበር። ማታ ማታ እሱን መሥራት ነው። ሠርቼ ከመልስ ቁልፉ ጋር አስተያያለሁ። ትክክል፣ ስህተት፣ ስህተት፣ ትክክል፣ ቀጣይ ወረቀት። ወረቀቱ ተከመረ፣ ውጤቱ ግን ካለበት ፈቀቅ አላለም። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነበር። አሁን ሳስበው ምክንያቱ ግልጽ ነው። የመልስ ቁልፉ የሚነግረኝ «ሲ» መሆኑን እንጂ ለምን «ሲ» እንደሆነ አይደለም። ለምን እንደሆነ ካላወቅኩ ደግሞ ያው ጥያቄ በሌላ ልብስ ሲመጣ ያው ስህተት ይደገማል።

ሌላው ሁላችንም የምንይዘው የቃላት ደብተር ነው። በግራ እንግሊዝኛ፣ በቀኝ አማርኛ። ሸምድዶ መያዝ። የእኔ ደብተር ላይ «ኦፖርቹኒቲ» ዕድል ይላል። «ቻንስ»ም ዕድል ይላል። «ላክ»ም ዕድል ይላል። ፈተናው ላይ ደግሞ ሦስቱም አንድ ላይ ምርጫ ሆነው ይመጣሉ! ያን ጊዜ የሸመደድኩት ሁሉ ምንም አይጠቅመኝም። ሦስቱን የሚለያቸው አብሯቸው የሚሄደው ቃል ነው፤ ደብተሬ ላይ ደግሞ ቃሉ ብቻውን እንጂ ከነጎረቤቱ አልተጻፈም።

ነገሩ የተለወጠው በተበላሸ ኮፒ ነው። የማሽኑ ድራም ሲጎዳ ወረቀቱ ላይ ከላይ እስከ ታች ነጭ መስመር ይተዋል። መስመሩ ያረፈበት ቃል ሁሉ የለም። አንድ የእንግሊዝኛ መምህር ለአንድ ክፍል ተማሪ የሚሆን ምንባብ አባዙ። ሳላይ አጥፌ ሰጠኋቸው። ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱ።

«አንች፣ ይኸን ለልጆቹ እንዴት አድርጌ ልስጣቸው? ግማሹ ቃል የለም እኮ!»

ጋሼ በሌላኛው ማሽን እንደገና አባዛላቸው። የተበላሸው ክምር ለእኔ ቀረ። ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ፤ ሥራ የለም። እርሳስ አንስቼ የጠፉትን ቃላት መሙላት ጀመርኩ። ምርጫ የለም፣ ኤ ቢ ሲ ዲ የለም። ምንባቡ ስለ ወንዝና ስለ ገበሬዎች ነበር። «ሪቨር» የሚለው ከጠፋበት ቦታ ሞላሁት፤ ከላይም ከታችም ተጽፏልና። «ፋርመርስ»ንም ሞላሁ። «ሃርቨስት»ን ራሱ ከብዶኝ አላለፈኝም። ዋናውን ቅጂ አምጥቼ ሳስተያይ ግን ያልጠበቅኩት ነገር አየሁ። የሳትኳቸው ትልልቆቹን አልነበረም። «ዘ»፣ «ኦፍ»፣ «ቱ»፣ «አት»፣ «ሃድ»፣ «ዊች»። ትንንሾቹ ናቸው ያለቁብኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ረጃጅም ቃላት ስሸመድድ ቆይቼ የጎደለኝ በአብዛኛው ሁለትና ሦስት ፊደል ያለው ነበር።

በነገራችን ላይ «ዘ» ከእንግሊዝኛ ቃላት ሁሉ በብዛት የሚመጣው ነው። ከ100 ቃል ውስጥ 5 ወይም 6 ጊዜ ያህል ታገኙታላችሁ። እኛ ግን አንድ ቀን ተቀምጠን አጥንተነው አናውቅም። በጣም የምናውቀው ይመስለናል።

መምህሩ በሌላ ቀን መጥተው ያንን በእርሳስ የሞላሁትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አዩት። «ይኸ እኮ ክሎዝ ነው፤ ሳታውቂው ሠርተሽዋል» አሉኝ። ዘዴውን ያወጣው ዊልሰን ቴይለር የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1953። የሚገርመው ተማሪ ለመፈተን አልነበረም ያወጣው። አንድ ጽሑፍ ለአንባቢ ምን ያህል እንደሚከብድ ለመለካት ነው። ከጽሑፉ ላይ በየተወሰነ ርቀት ቃል እየሰረዘ ሰው እንዲሞላ ይሰጣል። አንባቢው ብዙ ከሞላ ጽሑፉ ቀላል ነው፤ ጥቂት ከሞላ ከባድ ነው። ይህን ሳውቅ አንድ ነገር ቀለለኝ። ምንባብ ሞልቼ ከግማሽ በታች ሳገኝ «እኔ ደደብ ነኝ» ማለት አቆምኩ። ይህ ጽሑፍ ለጊዜው ከብዶኛል ማለት ነው፤ አንድ ክፍል ዝቅ ብዬ ልጀምር ማለት ነው። እናንተም እንዲያ አድርጉ። 12ኛ ክፍል ናችሁ ተብሎ ከ12ኛ ክፍል መጽሐፍ መጀመር ግዴታ የለም። እኔ የጀመርኩት ከ9ኛው ነው። ማንም አላየኝም።

የራሴን ባዶ ቦታ መሥራት ያስጀመረኝ ግን አጎቴ ነው። አጎቴ በልጅነቱ ቅኔ ቤት ተምሯል። እንግሊዝኛ አይችልም። የወረቀቱን ክምር አይቶ «ይኸን ሁሉ የሰው ሥራ ነው የምትቆጥሪው?» አለኝ። ቅኔ ቤት ተማሪው የመምህሩን ቅኔ ሲሰማ ብቻ አይውልም። ሜዳ ወጥቶ ብቻውን ይቆጥራል፣ ማለትም የራሱን ቅኔ ይፈጥራል፤ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ ያርመዋል። «የራስሽን ቁጠሪ እንጂ» አለኝ። እሱ ስለ እንግሊዝኛ አላወራም፤ እኔ ግን ያዝኳት።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ገጽ ምንባብ ኮፒ ታደርጋላችሁ። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አትነኩም። እሱ ጉዳዩ ስለ ምን እንደሆነ የሚነግራችሁ ነው። ከዚያ በኋላ በየ7 ቃሉ አንድ ቃል በነጭ ማጥፊያ ትሸፍናላችሁ። ማጥፊያ ከሌላችሁ ወረቀት ቆርጣችሁ ለጥፉበት፤ እሱም ካልሆነ ደብተር ላይ ባዶ ቦታ እየተዋችሁ ገልብጡት። መገልበጡ ራሱ ትምህርት ነው። ከዚያ ወረቀቱን አስቀምጡትና ቢያንስ ሁለት ቀን ቆዩ። ወዲያው ከሞላችሁት የምትሞሉት ከማስታወስ ነው፤ ራስን ማታለል ነው። ሁለት ቀን ሲያልፈው ቃሉ ይረሳል፣ ሐሳቡ ግን ይቀራል። የምንፈልገውም እሱን ነው።

በየ7 ቃሉ ስትሰርዙ ዕጣው በማን ላይ እንደሚወድቅ አትመርጡም። ስለዚህ ትንንሾቹ ቃላት በብዛት ይወድቃሉ። ድክመታችሁ የት እንዳለ የሚያሳያችሁ ይህ ነው። ድክመቱን ካወቃችሁ በኋላ ደግሞ እየመረጣችሁ መሰረዝ ትችላላችሁ። አንድ ሳምንት ፕሪፖዚሽን ብቻ። ሌላ ሳምንት ቨርብ ብቻ፤ ግን ሙሉ በሙሉ አታጥፉት፣ መነሻውን በጎን ጻፉና ቴንሱን ራሳችሁ አስተካክሉ። ስፔሊንግ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ የቃሉን ሁለተኛ ግማሽ ብቻ ሰርዙ። ይህኛው ሲ ቴስት ይባላል፤ ከክሎዝ በኋላ የመጣ ነው። በየሁለተኛው ቃል ግማሹን መሰረዝ ነው ደንቡ። ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ሞክሩትና ታያላችሁ።

ምንባብ ከየት? የመማሪያ መጽሐፋችሁ ይበቃል። እውነቴን ነው፤ ብዙ ሰው መጽሐፉን ትቶ በየቴሌግራሙ ወረቀት ሲያሳድድ ዓመቱ ያልቅበታል። እኔ ስልኬ ላይ ከሲምፕል ኢንግሊሽ ዊኪፒዲያም ጥቂት ገጾች አስቀምጬ ነበር፤ ስለ አባይ፣ ስለ ጣና፣ ስለ ንብ። በቀላል እንግሊዝኛ ስለሚጻፍ ለዚህ ሥራ ይመቻል። በኋላ ክልሉ ውስጥ ኢንተርኔት ለወራት ሲጠፋ፣ መንገድም ትምህርትም ሲቋረጥ፣ የተረፉኝ እነዚያ ያስቀመጥኳቸው ገጾችና የ9ኛና የ10ኛ ክፍል መጽሐፍ ነበሩ። አገር ሰላም ሲሆን አውርዳችሁ አስቀምጡ።

አሁን ወደ አሞላሉ። ሦስት ጊዜ ማንበብ አለባችሁ። በመጀመሪያው ምንም አትሙሉ፤ ምርጫውንም እጃችሁን ጭናችሁ ሸፍኑት። ሰዓት ማባከን ይመስላል። አይደለም። በሁለተኛው ባዶ ቦታው ላይ ስትደርሱ ምርጫውን ሳታዩ በራሳችሁ ቃል ገምቱ። እንግሊዝኛው ካልመጣላችሁ በአማርኛም ቢሆን ገምቱ። ከዚያ ነው ምርጫውን የምትገልጡት። ከግምታችሁ ጋር የሚቀራረብ ካለ እሱን ያዙ። በሦስተኛው የሞላችሁትን ይዛችሁ ከላይ እስከ ታች በአንድ ትንፋሽ አንብቡ። የማይሄድ ቃል ጆሯችሁ ላይ ይቆረቁራችኋል። ቤታችሁ ከሆናችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት።

አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ምንባቡን በአማርኛ ላውራው፤ መልሱ እንግሊዝኛ ነው። «ሰውየው ዘመናዊ ቀፎ ገዛ። ንቦቹን በየቀኑ ይጎበኛል። ______፣ ዘንድሮ የቆረጠው ማር ካቻምና ከቆረጠው አነሰ። ምክንያቱ በኋላ ታወቀ። ከጎኑ ያለው ማሳ ላይ ፀረ ተባይ ይረጭ ነበር።» ምርጫዎቹ «ዜርፎር»፣ «ሃውኤቨር»፣ «ሞርኦቨር» እና «ፎር ኤግዛምፕል» ናቸው እንበል። ባዶ ቦታውን የያዘውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ያነበበ ሰው አራቱም ይሆኑለታል፤ አንዱም በሰዋስው አይወድቅም። የሚለየው ከፊቱ ያለው ነው። ዘመናዊ ቀፎ የገዛና በየቀኑ የሚጎበኝ ሰው ማሩ ሊበዛለት ይገባ ነበር። ግን አነሰ። የሚጠበቀው ሌላ፣ የሆነው ሌላ። ስለዚህ «ሃውኤቨር»። ከኋላ ያለው «ምክንያቱ በኋላ ታወቀ» የሚለው ደግሞ ያጸናዋል። «ዜርፎር» ቢሆን ምክንያቱ አስቀድሞ ተነግሮ ነበር፤ ኋላ ባልተፈለገ።

እዚያው ምንባብ ላይ «ዘ ነምበር ኦፍ ቢስ ______ ፎለን» ቢል፣ «ቢስ» ብዙ ቁጥር ስለሆነ ብቻ «ሃቭ» ብላችሁ እንዳትሸወዱ። የቀነሰው ቁጥሩ ነው፤ አንድ ነው። «ሃዝ» ነው መልሱ። «ዘ ፕራይስ ኦፍ ዚዝ ቡክስ» ሲልም እንዲሁ «ኢዝ» ነው። ፈተና አውጪዎች ይህችን ወጥመድ ይወዷታል። ከቨርቡ አጠገብ ያለውን ቃል ሳይሆን ባለቤቱን ፈልጉ። «ኦፍ» ካያችሁ ከእሱ በፊት ያለውን ተመልከቱ። «ኤንድ» ካያችሁ ደግሞ ከእሱ ወዲህና ወዲያ ያሉት ቅርጻቸው አንድ መሆኑን እዩ። «ሪዲንግ፣ ራይቲንግ ኤንድ ______» ካለ የሚመጣው «ስፒኪንግ» እንጂ «ቱ ስፒክ» አይደለም።

ብቻችሁን አታጥኑ የምለው በአንድ ክርክር ምክንያት ነው። ጎረቤት ክፍል የተከራየች ጎበዝ ልጅ ነበረች። እሷ እኔ የሰረዝኩትን ትሞላለች፣ እኔ የእሷን። አንድ ምሽት «______ ፒፕል ኬም ቱ ዘ ሚቲንግ» ላይ ተጣላን። እሷ «ኧ ፊው» አለች፤ እኔ «ፊው»።

«አንች ደግሞ! ሁለቱም ጥቂት ማለት አይደለም እንዴ?»

«ቀጥሎ ያለውን አንብቢው እስኪ።»

ቀጥሎ «ሶ ኢት ዋዝ ፖስትፖንድ» ይላል። ስብሰባው ተራዘመ። ሰው ስላልመጣ ነው የተራዘመው። «ኧ ፊው» ሲሆን ጥቂት ቢሆኑም መጡ፣ ይበቃል ዓይነት ነው። «ፊው» ግን ሰው የለም ለማለት ምንም አልቀረውም። እሷ ሕጉን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች፤ ደብተሯ ላይ አለ። ግን ባዶ ቦታው ላይ ቆማ ቀጣዩን አላነበበችም። ከዚያ ወዲህ አንድ ደንብ አወጣን። መልስ የተናገረ ሰው ማስረጃውን ከምንባቡ ላይ በጣቱ ያሳያል። ካላሳየ መልሱ ትክክል ቢሆንም አይቆጠርለትም። ብዙ ያስተማረን ይህ ደንብ ነው። መገመት ወንጀል ሆነ።

የስህተት ደብተር ያዙ፤ ግን ቃል አይደለም የምትጽፉበት። የተሳሳታችሁበትን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፣ መልሱን አስምሩበት፣ ከጎኑ ለምን እንደሳታችሁ በአንድ መስመር። ጥቂት ሳምንት ቆይታችሁ ደብተሩን ብታገላብጡ ስህተታችሁ ሺህ ዓይነት አለመሆኑን ታያላችሁ። የእኔ አብዛኛው አማርኛዬ ሾልኮ የገባበት ነበር። እኛ ከ2010 ጀምሮ እዚህ እኖራለሁ እንላለን፤ ስለዚህ «አይ ሊቭ ሂር ሲንስ 2010» ብዬ እሞላለሁ። እንግሊዝኛው «አይ ሃቭ ሊቭድ» ይፈልጋል። እኛ ስለ ነገሩ ተወያየን እንላለን፤ ስለዚህ «ዲስከስ» ካየሁ «አባውት» እጨምራለሁ። አይጨመርም። ከእገሌ ጋር ተጋባች ስለምንል «ማሪድ ዊዝ» እላለሁ፤ «ማሪድ ቱ» ነው። «ኦልዞ» ብዬ ጀምሬ መሃል ላይ «በት» አስገባለሁ፤ አንዱ ይበቃል። «ኢንፎርሜሽን» እና «አድቫይስ» ላይ «ኤስ» እለጥፋለሁ፤ አይለጠፍባቸውም። «ዲስፓይት» ቀጥሎ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አመጣለሁ፤ እሱ የሚወደው ኖውን ወይም «አይኤንጂ» ነው። እነዚህን ለይቼ ስይዝ ባዶ ቦታው ላይ ስደርስ የምጠረጥረው ራሴን ሆነ። አፌ ላይ ቀድሞ የመጣው ቃል ከአማርኛ የመጣ ከሆነ አንድ ጊዜ ቆም እላለሁ።

ቃላትን በተመለከተ፣ አብረው የሚሄዱትን አብራችሁ ያዙ። «ሜክ ኧ ሚስቴክ»፣ «ዱ ሆምወርክ»፣ «ፔይ አቴንሽን»፣ «ሄቪ ሬይን»። ለምን ዝናብ ከባድ ተባለ ብላችሁ አትድከሙ። እንዲያ ነው፤ በቃ። እኛስ ለምንድን ነው ማር የምንቆርጠው?

አንድ ምንባብ ሠርቶ መጣልን ተዉ። እኔ መጨረሻ ላይ በሳምንት የምይዘው አዲስ ምንባብ ጥቂት ነበር። አንዱን ሰኞ ሞላሁት ማለት ሐሙስ በሌሎች ቃላት ላይ ባዶ ቦታ አውጥቼ እንደገና እሞላዋለሁ፣ ከዚያ መጽሐፉን ዘግቼ ታሪኩን በራሴ እንግሊዝኛ ደብተር ላይ እጽፈዋለሁ። በአዲስ ወረቀት ብዛት የሚፎካከሩ ጓደኞቼ ይስቁብኝ ነበር። ይሳቁ።

ክሎዝ የማያደርገውንም ልንገራችሁ። እንግሊዝኛ መናገር አያስተምርም። አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ፕረዘንቴሽን ሲባል አሁንም እጄ ይንቀጠቀጣል። እሱ ሌላ ልምምድ ይፈልጋል፤ አፍ የሚፈታው በማውራት ነው። ማንበብና ሰዋስው ላይ ግን ለውጡን በዓይኔ አይቼዋለሁ። በሁለተኛው ፈተናዬ ላይ ከሁሉም ክፍል ተረጋግቼ የሠራሁት ባዶ ቦታ ያለውን ምንባብ ነው።

ስለ ፈተናው ቀን ጥቂት። አንድ ባዶ ቦታ ላይ ተጣብቃችሁ አትቅሩ። ምልክት አድርጉና እለፉ፤ ብዙ ጊዜ መልሱን ታች ያለ ዓረፍተ ነገር ያመጣላችኋል። ስታልፉ ግን መልስ መስጫው ላይ ያለውን ቁጥር መዝለላችሁን አረጋግጡ። 14ን ዘልሎ 15ን በ14 ቦታ ያጠቆረ ሰው ከዚያ በታች ያለው ሁሉ አብሮ ይበላሽበታል። አብሮኝ የተፈተነ ልጅ ላይ ደርሷል፤ ያወቀው ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ነው። ሁለት ምርጫ እኩል ከሆኑባችሁ ደግሞ ሁለቱንም በተራ አስገብታችሁ አንብቡ እንጂ ትርጉማቸውን አታወዳድሩ።

የመጨረሻው ስለ መልስ ቁልፍ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ስለሠራሁ ይህን ከሌላው ሰው በላይ አውቀዋለሁ። በየቦታው የሚሸጠው የመልስ ቁልፍ ስህተት አለበት። አንዱ ከሌላው ገልብጦ፣ ሌላው በችኮላ ጽፎ፣ ሦስተኛው የጥያቄውን ቁጥር አዘዋውሮ። አንድ ዓይነት ፈተና በሁለት ቁልፍ ሲመጣና ሁለቱ ሲጋጩ በእጄ ይዤ አይቻለሁ። ስለዚህ ማስረጃችሁን ከምንባቡ ላይ በጣታችሁ ማሳየት ከቻላችሁና ቁልፉ ሌላ ካለ፣ ወዲያው እጅ አትስጡ። መዝገበ ቃላት ክፈቱ፤ ትርጉሙን ሳይሆን ከሥሩ ያሉትን የምሳሌ ዓረፍተ ነገሮች አንብቡ። ቃሉ እዚያ ከማን ጋር ነው የተቀመጠው? ከየትኛው ፕሪፖዚሽን ጋር? ምሳሌዎቹ ከእናንተ ጋር ከሆኑ ቁልፉ ላይ ያለውን ሰርዙና የራሳችሁን ጻፉበት። ኮፒውን ለሌላ ሰው የምታውሱ ከሆነ ደግሞ በእስክሪብቶ ጻፉት፤ እርሳስ ሲባዛ ሊደበዝዝ ይችላል።